ጆሮ ከሚበሳ ስፒከር ጋር ምን ይስማማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብራይት ስፒከር ቤት አስገብተው «አሁን ምን አምፕ ላድርግለት?» ለሚሉ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ። አምፕ የምንለው ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሩ የሚልከውን ማጉያ ነው።

ስፒከር «ብራይት» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ በልጦ ሲሰማ ነው። ጸናጽሉ ፊት ፊት ይላል፣ ቤዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ዘፋኟ «ስ»፣ «ሽ» ወይም «ፅ» ባለች ቁጥር ጆሮ ላይ ፉጨት ነገር ይተርፋል። በቁጥር ካየነው ነገሩ ያለው በአብዛኛው ከ2 እስከ 10 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ ንዝረት) መካከል ነው። ከ2 እስከ 5 ያለው ሲበዛ ድምፁ ይጮሃል፣ ይደርቃል። ከ5 እስከ 9 አካባቢ ያለው ሲበዛ ደግሞ የ«ስ» ፉጨት ይመጣል። ጆሯችን በተፈጥሮው ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ያለውን ከሌላው አብልጦ ስለሚሰማ፣ እዚያ ላይ የ2 ወይም የ3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ጭማሪ እንኳ ወዲያው ይታወቃል።

ብራይት ስፒከር ሱቅ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሲሰማ «ጥርት ያለ» ይመስላል። ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚህ ነው። ድካሙ የሚመጣው ቤት ወስዶ ሁለት ሰዓት ሲያዳምጡበት ነው።

ጥፋቱ የስፒከሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ሽቦ እዩ። አንዱ ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙ እርስ በርሱ ይጣፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። «ስፒከሬ ጆሮ ይበሳል» ከሚሉት ውስጥ ችግራቸው ይቺው ብቻ የሆነ አሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ገልብጡና ቤዙ ከጨመረ ቀድሞ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ፣ አምፓችሁ ሪሲቨር (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ባለብዙ መግቢያ አምፕ) ከሆነ፣ ሜኑውን ክፈቱ። ሳብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ሳይኖራችሁ «አለ» ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። ያኔ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ቤዝ ወደሌለ ሳብዉፈር ተልኮ ሊጠፋ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ላይም ንግግርን አጉልቶ የሚያሰማ ቅንብር በርቶ እንደሆነ አጥፉት።

በመጨረሻ የምትሰሙትን ነገር ቀይሩ። ዩቲዩብ ላይ በተጫነ የአሮጌ ካሴት ቅጂ ስፒከር አይፈረድበትም። በደንብ የተቀዳ በገና ወይም ክራር ፈልጉ፣ ጥሩ የተቀዳ የሰው ንግግርም ጨምሩበት። የበገናው ንዝረት ከዘማሪው ድምፅ በልጦ ፊት ላይ የሚዘል ከሆነ ስፒከሩ ወይም ክፍሉ ላይ ነገር አለ። በማሲንቆ ግን አትቸኩሉ። ማሲንቆ በራሱ ሰላ ያለ ነው። ማሲንቆን እንደ ቫዮላ የሚያለሰልስ ስፒከር እኔ አልገዛም።

የትኞቹ ስፒከሮች ናቸው እንዲህ የሚባሉት?

በዚህ በኩል ስሙ ቶሎ የሚነሳው ክሊፕሽ ነው። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ አርካንሶ ውስጥ የመሠረተው ድርጅት ሲሆን፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ቀንድ መሰል አፍ አለው። ቀንዱ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ፊት ስለሚወረውር በትንሽ ዋት ብዙ ይጮሃል። የቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ አንዳንድ ሞዴሎች ላይም ከላይ በኩል ከፍ ማለቱ በልኬት ይታያል። ከቀድሞዎቹ ደግሞ በ1974 የወጣው የያማሃ ኤንኤስ-1000ኤም አለ። ቤሪሊየም የተባለውን ብረት ለትዊተሩና ለመሃከለኛው ድምፅ የተጠቀመ፣ ምንም የማይደብቅ ስፒከር ነው።

ብራንድ አይቶ መፍረድ ግን አያዋጣም። የአንድ ድርጅት ሁለት ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ።

ምንም ሳልገዛ ምን ላድርግ?

ስፒከሩን አዙሩት። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ትዊተሩ ጆሯችሁን አነጣጥሮ ከሆነ ሙሉውን ትቀበላላችሁ፤ ትንሽ ዞር ሲል ይቀንሳል። ስለዚህ ስፒከሮቹ ወደ እናንተ ዞረው ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት እንዲያዩ አድርጉና አዳምጡ። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል መዞር በብዙ ስፒከር ላይ አምፕ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ነፃ ነው፣ ካልወደዳችሁትም ትመልሱታላችሁ።

ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ስፒከር ወደ ኋላ ግድግዳው ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል። ቤዝ ሲጨምር ቀጭኑ በንጽጽር ዝቅ ያለ ይመስላል። ከግድግዳው አንድ ሜትር የራቀ ብራይት ስፒከር ካላችሁ ወደ 30 ሴንቲሜትር አስጠጉትና ስሙ። ማዕዘን ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ቤዙ ይጎረብጣል።

ስፒከሩ ላይ የሚለጠፍ ጨርቅ ካለውም አታውልቁት። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ግን ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ነው።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ። ይህ ለውጥ አለው?

አለው፣ ያውም ትልቅ። የብዙ «ብራይት ስፒከር» ታሪክ በእውነቱ የባዶ ሳሎን ታሪክ ነው። ሴራሚክ፣ መስታወትና ሲሚንቶ ቀጭኑን ድምፅ እንዳለ ይመልሱታል። ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ዝንንን» የሚል ነገር ከተከተለ ዘፈኑም ላይ ያው ይከተላል።

የሚረዳው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በስፒከሩና በእናንተ መካከል ወለሉ ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋ፣ መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ። የጎን ግድግዳውን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት አንድ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን ተጠግቶ ይራመድ። እናንተ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያያችሁበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ ላይ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ለአንድ ምሽት ስቀሉ። ለውጥ ከሰማችሁ ከዚያ በኋላ ለዓይን የሚመች ነገር ታስባላችሁ።

የእንቁላል ካርቶን ግን ግድግዳ ከማበላሸት ያለፈ ነገር የለውም። ስስ ስፖንጅም ቤቱን በሙሉ ከሸፈናችሁበት የላይኛውን ብቻ ይበላና መሃከለኛውን እንዳለ ይተወዋል። ድምፁ የታፈነም የሚጮህም ይሆናል።

ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) በቁልፍ መቀነስ ነውር ነው?

በጭራሽ። «ድምፅ እንዳለ ነው መሰማት ያለበት» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን ድምፁን ለመቀየር ብለው ውድ ሽቦ ሲገዙ ታያላችሁ። የትሬብል ቁልፉ ለዚህ ነው የተሠራው።

አንድ ገደብ አለው። የብዙ አምፕ ትሬብል ቁልፍ ዋና ሥራውን የሚሠራው ከላይ፣ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የሚያስጨንቃችሁ ጩኸት 3 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ ቁልፉ ጸናጽሉን ያደበዝዝና ጩኸቱን ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን የሚያስፈልጋችሁ ቦታውንና ስፋቱን መምረጥ የሚቻልበት ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ነው። ዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ብዙ ዘመናዊ የኔትወርክ ማጫወቻዎችም አብሯቸው ይመጣል። መጀመሪያ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሰፋ አድርጋችሁ 2 ዲሲቤል ቀንሱ። አንድ ሁለት ቀን ስሙት። ከዚያ ቦታውን ትንሽ ወዲያ ወዲህ አድርጉ። በአንዴ 6 ዲሲቤል የቀነሰ ሰው የደበዘዘ ድምፅ አግኝቶ «ኢኳላይዘር አይረባም» ይላል።

ለብራይት ስፒከር «ዋርም» (ለስላሳ ድምፅ ያለው) አምፕ ግዛ ተባልኩ። ልግዛ?

ማራንትዝና ኤንኤዲ ለስላሳ ናቸው፣ ያማሃ ሰላ ያለ ነው ሲባል ዘመናት ሆነው። ሻጮችም ይህን ይወዱታል። ልኬቱ ግን ሌላ ይላል። በደንብ የተሠራ የትራንዚስተር አምፕ (ዛሬ የተለመደው ዓይነት) ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ቀጥ ያለ ነው፣ ማለትም ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ያሳልፋል፤ በሁለት ደህና አምፖች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከግማሽ ዲሲቤል አያልፍም። ስፒከሩና ክፍሉ ግን 5 ዲሲቤል፣ አንዳንዴም 10 ሊያዛቡ ይችላሉ። ግማሽ ዲሲቤል ይዞ 5 ዲሲቤልን ለማረም መነሳት ገንዘብ መበተን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስቴሪዮፋይል ከተባለው መጽሔት ጸሐፊዎች ጋር ውርርድ መሰል ነገር ገጠመ። የእኔን ትራንዚስተር አምፕ የእናንተን ውድ ቲዩብ አምፕ (አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ ያለበት የድሮ ዓይነት) አስመስለዋለሁ አለ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሁለቱን ውጤት እያነጻጸረ አስተካከለ። ጸሐፊዎቹ ቢያዳምጡ ቢያዳምጡ መለየት አቃታቸው። የአምፕ ጠባይ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚለካ ነገር ነው፤ የሚለካ ነገር ደግሞ በኢኳላይዘርም ይገኛል።

አምፕ መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ስለ «ዋርም» ሳይሆን ስለነዚህ ጠይቁ፦ የቤዝና የትሬብል ቁልፍ አለው? ኢኳላይዘር አለው? ክፍሉን በማይክራፎን ለክቶ ድምፁን የሚያርም ማስተካከያ አለው? 4 ኦም ስፒከር ይችላል (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚሰጠው መቋቋም ነው፤ ሲያንስ አምፑን ያደክማል)?

ስንት ዋት ይበቃኛል?

በስፒከሩ ይወሰናል። ሴንሲቲቪቲው (በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ የሚሰጠው ድምፅ) 96 ዲሲቤል የሆነ ባለቀንድ ስፒከር ጥንድ በ1 ዋት፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ 90 ዲሲቤል ይሰጣል። ይህ ጎረቤት የሚያንኳኳበት ነው። ከ30 እስከ 40 ዋት ያለው አምፕ ለሙዚቃው ድንገተኛ ከፍታም ይበቃዋል። 86 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር ግን ለዚያው ድምፅ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

ይህ ከብራይትነት ጋር ይገናኛል። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዚያ የሚወለደው ተጨማሪ ድምፅ ቀጭንና ሻካራ ነው። ጩኸቱ ድምፅ ሲጨምር ብቻ የሚመጣ ከሆነ አምፑን ጠርጥሩ። ምሽት ላይ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር ደግሞ የአምፑ አቅም አብሮ ይወርዳል፤ ቀን ደህና የነበረው ማታ ሻከረ የሚባለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ባለቀንድ ስፒከር ካላችሁ ሌላም ነገር አለ። ትንሹን የአምፕ «ሽሽሽ» ሳይቀር ያሰማል። ሳትገዙ በፊት ሙዚቃ ሳይኖር ጆሯችሁን ትዊተሩ ላይ አስጠግታችሁ ስሙ።

ሽቦ ወይም ዳክ (ዲጂታሉን ወደሚሰማ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ) ብቀይርስ?

ለብራይትነት መድኃኒት አይሆኑም። ለተለመደ ሳሎን 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ብር ሽቦ ድምፁን ያሰላል፣ መዳብ ያለሰልሳል የሚባለው በዚህ ርዝመት በጆሮ የሚለይ ነገር አይደለም። ዳክም ያው ነው፦ ደህና የተሠራ ዳክ ቀጥ ያለ ነው።

ሳብዉፈር ብጨምር ይሻሻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ትናንሽ ስፒከሮች ብራይት የሚመስሉት ትሬብላቸው በዝቶ ሳይሆን ቤዛቸው ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ከታች ያለው ሲሞላ ከላይ ያለው ቦታውን ይይዛል። ስፒከሩና ሳብዉፈሩ ሥራ የሚከፋፈሉበትን መገናኛ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉና የሳብዉፈሩን ድምፅ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጨምሩ። ሳብዉፈሩ «አለሁ» ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሱት።

ግን ችግራችሁ 3 ኪሎኸርዝ ላይ ያለ ጉብታ ከሆነ ሳብዉፈር አይደርስበትም።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሊልክልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። «120 ቮልት» ብቻ የሚል አምፕ እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱም አምፑ ከሚስበው ዋት ቢያንስ ግማሽ ያህል ተጨማሪ አቅም ያለው ይሁን። የደከመ ትራንስፎርመር አምፑን ያስርበዋል፤ ከላይ ወዳነሳነው ሻካራ ድምፅ ይመልሳችኋል።

ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለአምፕ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ሞተሩ በመብራቱ ኸርዝ የሚሽከረከር የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ግን ከአሜሪካ ቢመጣ እዚህ ከ6 እጅ አንዱን ያህል ይዘገያል። ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል።

ሲዲና ስልክ ደህና ናቸው፤ ሸክላና ካሴት ብቻ ይጮሃል። ለምን?

እዚህ ላይ ዕቃን ከዕቃ ማስማማት በእውነት ለውጥ አለው። ኤምኤም የሚባለው የሸክላ ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘው ክፍል) ከሽቦውና ከፎኖ አምፑ (የሸክላውን ደካማ ድምፅ ከሚያጎላው ዕቃ) በሚመጣው ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) ድምፁ ይቀየራል። ለምሳሌ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ (የካፓሲታንስ መለኪያ) ይጠይቃል። የማጫወቻው እጅ ሽቦ፣ የማገናኛው ሽቦና ፎኖ አምፑ ተደምረው ከዚያ ብዙ ካለፉ ትሬብሉ ላይ ጉብታ ይወጣል። አጭር ሽቦ ወይም ካፓሲታንሱ የሚመረጥበት ፎኖ አምፕ ይህን ያስተካክላል። ሽቦ ድምፅ ይቀይራል የሚል ሰው እዚህ ቦታ ላይ ልክ ነው።

ካሴት ላይ ደግሞ ዶልቢ ቢን (የካሴትን ሽሽታ የሚቀንሰውን ቅንብር) እዩ። በዶልቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢው ጠፍቶ ሲጫወት ትሬብሉ ይበዛል። በተቃራኒው ዶልቢ የሌለበትን ካሴት ዶልቢ አብርታችሁ ካጫወታችሁት ይታፈናል። ከድሮ የአገር ቤት ካሴቶች ብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ስለሌለ በጆሮ መሞከር ነው።

ቲዩብ አምፕ ብራይት ስፒከርን ያለሰልሳል ይባላል። እውነት ነው?

አንዳንዴ። ስፒከር 8 ኦም ይባል እንጂ በየኸርዙ ይለያያል፤ አንዱ ቦታ 4፣ ሌላው ቦታ 20 ሊሆን ይችላል። ትራንዚስተር አምፕ ይህን አይቆጥረውም። ቲዩብ አምፕ ግን በራሱ ውስጥ 1፣ 2፣ አንዳንዴም 3 ኦም ስላለው ኦሙ ከፍ ባለበት ቦታ ድምፁ ይጨምራል፣ ዝቅ ባለበት ይቀንሳል። 2 ኦም ያለው ቲዩብ አምፕ በ4 ኦሙና በ20 ኦሙ ቦታ መካከል ወደ 2.7 ዲሲቤል ልዩነት ይፈጥራል። ይህ በደንብ ይሰማል።

ጥያቄው የእናንተ ስፒከር ኦም ከፍ የሚለው የት ነው የሚል ነው። ብዙ ስፒከሮች ላይ ዉፈሩና (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) ትዊተሩ በሚገናኙበት፣ ከ1.5 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ከፍ ይላል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ቲዩቡ የሚጮኸውን ቦታ ይባስ ያስጮኸዋል። ስለዚህ የስፒከሩን የኦም ግራፍ ሳታዩ ቲዩብ አትግዙ።

ርካሽ ክላስ ዲ አምፖች (ብዙ የማይሞቁት ትንንሾቹ) ላይም የሚመሳሰል ነገር አለ። መውጫቸው ላይ ያለው ማጣሪያ እንደ ስፒከሩ ኦም ከላይ በኩል ሊያጎብጥ ወይም ሊያወርድ ይችላል። አዳዲሶቹ ከማጣሪያው በኋላ የወጣውን ድምፅ መልሰው እያዩ ስለሚያርሙ (ፊድባክ) ይህ ችግር በአብዛኛው የለባቸውም።

ሪሲቨሩ በማይክራፎን ክፍሉን ለክቶ የሚያደርገውን አውቶማቲክ ማስተካከያ ሳደርግ ጭራሽ ባሰበት። ለምን?

ማስተካከያው ከላይ እስከ ታች ፍጹም ጠፍጣፋ ሊያደርገው ስለሞከረ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ከመቀመጫ ላይ ሲለካ ጠፍጣፋ የሆነ ድምፅ ለብዙ ሰው ብራይት ነው። ሰዎች የሚወዱት ከቤዝ ወደ ትሬብል ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር መሆኑን የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ባደረጓቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ብሩል ኤንድ ኬር የተባለው የዴንማርክ የመለኪያ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1974 ወደዚያው የሚያዘነብል መስመር አቅርቦ ነበር።

ዴነን ወይም ማራንትዝ ካላችሁ ኦዲሲ በተባለው ማስተካከያ ላይ «ፍላት»ን ትታችሁ «ሪፈረንስ»ን ምረጡ። ያማሃ ከሆነ ዋይፓኦ በተባለው ማስተካከያ ላይ «ናቹራል» የሚለው ከላይ ያለውን ያለሰልሳል። ማይክራፎኑን ሶፋው መደገፊያ ላይ አታስቀምጡት፤ ባለእግር ማቆሚያ ላይ፣ በጆሮ ከፍታ ይሁን።

ሁሉንም ሞክሬ አልሆነም። ትዊተሩ ላይ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ልጨምር?

ስፒከሩ ከጀርባው ሁለት ጥንድ መሰኪያ ካለው ሳትከፍቱት ይቻላል። የላይኛው ጥንድ ብዙ ጊዜ የትዊተሩ ነው። ሁለቱን ቀይ መሰኪያዎች የሚያገናኘውን ብረት አውልቁና በቦታው 1 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አስገቡ። የአምፑ ሽቦ የታችኛው ጥንድ ላይ ይታሰር። ትዊተሩ 8 ኦም አካባቢ ከሆነ ወደ 1 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ 2 ኦም ብታደርጉ ወደ 2። ከዚያ በላይ መሄድ የትዊተሩንና የዉፈሩን መገናኛ ማዛባት ይጀምራል።

አንድ ጥንድ መሰኪያ ብቻ ካለው መክፈት ግድ ይላል፣ ዋስትናውም ይሄዳል። እኔ ከመክፈት መሸጡን እመርጣለሁ። ባለመሰኪያውን የምትሠሩ ደግሞ አምፑን ከሶኬት ነቅላችሁ ሥሩ፣ ሁለቱም ስፒከሮች ላይ እኩል አድርጉ፣ ሬዚስተሩም ስለሚሞቅ ከመጋረጃና ከምንጣፍ አርቁት።